ገመዱ ሲፈጥን ይሰፋል?

«አባዬ፣ ፈጠን አድርገን ብናዞረው ይሰፋል?»

የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ናት። እሷና ሁለት የጎረቤት ልጆች ከብሎካችን ሥር፣ መኪና የማይቆምበት ሲሚንቶ ላይ ገመድ ይዘላሉ። እኔ አንደኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የፈተና ወረቀት አርማለሁ። ሁለት እጇን ዘርግታ ስፋቱን አሳይታ ኖሯል፤ እኔ አላየሁም፣ አጠገቤ ምስር የምትለቅመው እናቴ ግን አይታለች። ቀና ሳልል «እንዴታ! በጣም ነው የሚሰፋው» አልኳት። ሃያ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ብዕሩን አያስቀምጥም።

ሞከሩት። ገመዱ ሲፈጥን ሲሚንቶው ላይ የሚያሰማው ጥፊ ተቀጣጠለ፣ ከዚያ ፉጨት ጨመረበት። ትንሽ ቆይታ ከታች ጮኸች፦ «አልሰፋም! ግን እጄን ይጎትተኛል!»

«ገና አልፈጠናችሁም» አልኳት።

ይህችን መልስ ስጽፋት እንኳ ፊቴ ይግላል። ልጅቷ ጠይቃ፣ ሞክራ፣ ያየችውን በትክክል ተናግራ ሳለ እኔ ሙከራው ላይ አሳበብኩ። ክፍል ውስጥ ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ነጥብ እቀንስበት ነበር።

እናቴ ከሰፌዱ ቀና ሳትል «አይሰፋም» አለች።

«ምኑ እማዬ?»

«ክሩ ነዋ። ሲፈጥን አይሰፋም። ይበጠሳል እንጂ።»

እናቴ ጆሮዋ ከባድ ነው። ገመድ የተባለውን ክር ብላ የሰማች መስሎኝ ዝም አልኩ።

በእኔ ልጅነት ገመድ የሴት ልጅ ነገር ነበር። ገመድና ሱዚ የእነሱ፣ ብይና ኳስ የኛ። የሚሽከረከር ገመድ ካልን እኛ የምናውቀው ወንጭፍና ጅራፍን ነው። ወንጭፍ ሁለቱም ጫፎቹ በአንድ እጅ ተይዘው ድንጋዩ መሃሉ ላይ ስለሚቀመጥ ሲዞር ቀጥ ብሎ ይወጠራል፤ ኩርባ የለውም። ኩርባ የሚመጣው የገመዱ ሁለት ጫፎች ተራርቀው ሲያዙና መሃሉ የሚሄድበት ሲያጣ ነው። ስለዚህ አንድ የቡሄ ሰሞን ሙሉ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ፣ እህቱ በየቀኑ በእጇ የምትይዘውን ቅርጽ ሳያየው ሊያድግ ይችላል። እኔ እንደዚያ ነው ያደግኩት። በመጽሐፍም አልገጠመኝም። እኛ ስንማር ክብ የሚዞር ነገር ሁሉ በክር ጫፍ የታሰረች ኳስ ነበረች፤ ክሩ ክብደት እንደሌለው ይቆጠር ነበር፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ወረቀት አወጣሁ። ስህተቴን ለማረም ሳይሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትክክል መሆኔን ለማረጋገጥ ነበር። ጀማመሬም በሌላ ስህተት ሆነ፦ የሚዞር ገመድ ያው ተገልብጦ የተንጠለጠለ ሰንሰለት ነው ብዬ አሰብኩ።

በዚህ በኩል የተሳሳተው ሰው ብዙ ስለሆነ ትንሽ ተጽናንቻለሁ። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሁለት ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ሰንሰለት ወደ ፓራቦላ፣ ተወርውራ የምትወድቅ ድንጋይ ወደምትስለው ኩርባ፣ በጣም የሚቀርብ ቅርጽ እንዳለው ጽፏል። ቀረብ ይላል፤ ግን ፓራቦላ አይደለም። ትክክለኛው መልስ የተገኘው የሂሳብ ሊቁ ያኮብ በርኑሊ በ1690 ለዘመኑ ሊቃውንት ጥያቄውን ካቀረበ በኋላ ነው። በዓመቱ ላይብኒትዝ፣ ሃይገንስና የያኮብ ታናሽ ወንድም ዮሐን በርኑሊ ለየብቻቸው ፈቱት። ካቴናሪ ይባላል፤ ስሙ ከላቲኑ ሰንሰለት የመጣ ነው።

የሚዞረው ገመድ ግን ፓራቦላም ካቴናሪም አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ለመረዳት አልጀብራ አያስፈልግም፤ ሸክሙ ማን ላይ እንደወደቀ መጠየቅ ይበቃል።

የተንጠለጠለ ሰንሰለትን በስንዝር በስንዝር ብትከፋፍሉት፣ እያንዳንዱ ስንዝር የትም ይሁን የት ክብደቱ እኩል ነው። ከዚያ ካቴናሪ ይወጣል። በወፍራም የብረት ገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ላይ ደግሞ ሸክሙ ገመዱ ሳይሆን ከሥሩ ያለው መንገድ ነው፤ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በየሜትሩ እኩል ይከብዳል። ከዚያ ፓራቦላ ይወጣል። የልጆቹ ገመድ ላይ ሸክሙ ሌላ ነው። ከአንዷ እጅ እስከ ሌላዋ እጅ ቀጥ ያለ መስመር በሐሳባችሁ አስምሩ፤ ገመዱ የሚዞርበት ዛቢያ እሱ ነው። እያንዳንዱ ስንዝር ገመድ ከዚያ መስመር በራቀ መጠን ወደ ውጭ ይገፋል። እጅ አጠገብ ያለው ስንዝር መስመሩ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ ስለዚህ የሚገፋው የለም ማለት ይቻላል። መሃል ያለው ከሁሉም ርቋል፤ ከሁሉም ይበልጥ ይገፋል።

ስለዚህ ገመዱ ከእጅ ሲነሳ ቀጥ ያለ ነው። የሚያጎብጠው ነገር ስለሌለ ልክ በማስመሪያ እንደተሰመረ ይሄዳል። መጉበጥ የሚጀምረው ራቅ ካለ በኋላ ነው፣ ሆዱ ጋ ደግሞ በአንዴ ይዞራል። በማግስቱ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ስመለከት በትክክል ይታያል፦ ሁለት ቀጥ ያሉ ክንዶችና በመካከላቸው አንድ ክብ ሆድ። ስንት ዓመት ከዚያ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ሲዘሉ አይቻለሁ። ግማሽ ክብ ነው የሚመስለኝ የነበረው።

ፍጥነቱስ? ሌሊቱን የያዘኝ እሱ ነው። ፍጥነቱን በእጥፍ ስትጨምሩ እያንዳንዱ ስንዝር ወደ ውጭ የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ሳይ «ይኸው፣ ይሰፋል» አልኩ። ነገር ግን ገመዱ አይለጠጥም፤ ርዝመቱ ያው ነው፣ እጆቹም ካሉበት አልተንቀሳቀሱም። አራት እጥፍ ተገፍቶ የትም መሄድ ካልቻለ የሚቀረው መወጠር ነው፤ ውጥረቱም አራት እጥፍ ይሆናል። ገፊውም ያዡም እኩል አደጉ። ገመድ ጉተታ ላይ በሁለቱም ወገን እኩል ሰው ቢጨመር መሃሉ ላይ የታሰረችው ጨርቅ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም፤ ገመዱን የያዙት ሰዎች መዳፍ ግን ይላጣል። ይኸው ነው። ቅርጹ ፍጥነትን አያውቅም። የገመዱን ክብደትም አያውቅም፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሚከብድ እስከሆነ ድረስ የቃጫም ይሁን የሽቦ ኩርባው ያው ነው። የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የገመዱን ርዝመትና በሁለቱ እጆች መካከል ያለውን ርቀት።

«አልሰፋም! ግን እጄን ይጎትተኛል!» ከዚህ የተሻለ አነጋገር እኔ አላውቅም። ሁለት ገጽ ሙሉ ሂሳብ ሠርቼ የደረስኩበት እሷ የጮኸችበት ቦታ ነው።

ለራሴ አንድ ማስተባበያ ልፈልግ። ገመድ ስታዞሩ መጀመሪያ ላይ ቀስ ብላችሁ ነው የምትነሱት። ያን ጊዜ የመሬት ስበት ከማሽከርከሩ ይበረታል፤ ገመዱ ወደ ላይ ሲወጣ ይላላል፣ ይወድቃል። ከዛቢያው እስከ ሆዱ 1 ሜትር ያህል ከሆነ፣ አንዱ ዙር ከ2 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ከላይ አያልፍም፤ ጭንቅላት ላይ ይወድቃል። በሰከንድ አንድ ዙር ስታደርሱት መሃሉ የራሱን ክብደት አራት እጥፍ ያህል በሆነ ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል፤ ስበት ከዚያ ወዲያ ብዙም ድምፅ የለውም። እንግዲህ ዓይን የሚያየው ምንድን ነው? ሲዘገይ የተልፈሰፈሰ፣ ሲፈጥን የተከፈተ ገመድ። «ሲፈጥን ይሰፋል» የምንለው ከዚያች መነሻ ላይ ተምረን ነው። አንዴ ከተከፈተ በኋላ የቀረው ሁሉ ለእጅ እንጂ ለዓይን አይታይም።

እውነተኛው ቀመር ደግሞ የሚያምር ነው፤ ክፍል ውስጥ ስለማይጠየቅ እዚህ ልጻፈው። ገመዱ ሊወጠር ጥቂት ሲቀረው ኩርባው ተራ የሳይን ሞገድ ነው፤ አሥራ አንደኛ ክፍል የሚያውቀው። ሆዱ ሲያድግ ግን ሳይን አይበቃውም፤ ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ያኮቢ እ.ኤ.አ. በ1829 ባሳተመው ሥራ ካደራጃቸው የሳይን ዘመዶች፣ ከኤሊፕቲክ ፈንክሽኖች፣ አንዱ ይገባል። ያው ፈንክሽን ከፍ ብሎ የሚወዛወዝ ፔንዱለም በየትኛው ሰዓት የት እንደሚገኝ የሚነግረን ነው። ፔንዱለም ማለት ዥዋዥዌ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አንዷ ልጅ ዥዋዥዌ፣ ሌላዋ ገመድ ላይ ናቸው፤ አንዱ በጊዜ ውስጥ የሚጽፈውን ሌላው በአየር ላይ ይስለዋል።

አሁን ወደ እናቴ።

እናቴ አቃቂ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የክር መፍተያ ክፍል ውስጥ ሠርታለች። ሥራዋ የተበጠሰ ክር መቀጠል ነበር። ማሽኑ ረጅም ነው፤ በሁለቱም ጎኑ እንዝርቶች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል፤ እሷ በመሃላቸው ከጫፍ ጫፍ እየተመላለሰች የተበጠሰውን ታያለች፣ ጫፉን ታነሳለች፣ ታገናኛለች፣ ታልፋለች። የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ጠዋት ስትመለስ ሽፋሽፍቷ ላይ የጥጥ ብናኝ ይቀመጥ ነበር። ጆሮዋ የደከመው እዚያ ነው። የማሽኑ ጩኸት የሚያስጨንቅ ነበር፤ ለጆሮ መከለያ ብሎ የሰጣቸው ሰው አልነበረም፤ ሴቶቹ ከወለሉ ጥጥ እያነሱ ይወትፉ ነበር። በከንፈርና በእጅ ነው የሚነጋገሩት። እሷ ዛሬም የሰው አፍ አይታ ነው የምትሰማው፤ ልጄ ከታች ሆና እጇን ስትዘረጋ ጥያቄውን ከእኔ ቀድማ የተረዳችው ለዚህ ነው።

ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ብቻ ገብቼ አይቻለሁ፤ ምሳ ዕቃዋን ረስታ አድርሼላት። የማስታውሰው ሙቀቱንና መብራቶቹን ነው። እንዝርቶቹ ራስ ላይ በረድፍ የተሰቀሉ፣ ከመስታወት የተሠሩ የሚመስሉ አምፖሎች። አምፖል አልነበሩም። ክር ነው። ከላይ ካለች ትንሽ መንጠቆ ወርዶ፣ ከታች በቀለበት ላይ በምትሮጥ የጆሮ ጌጥ በመሰለች ብረት ውስጥ አልፎ፣ ቦቢኑ ላይ ይጠመጠማል። ብረቷ ቀለበቱን ስትዞር ክሩም አብሮ ይዞራል፤ በደቂቃ በብዙ ሺህ ዙር። ዓይን አንዱን ክር ማየት ስለማይችል ክሩ የሚጠርገውን ገላ በሙሉ ያየዋል፦ ከላይ ሹል፣ ወገቡ የተነፋ፣ ወደ ኋላው አሳልፎ የሚያሳይ። በሙያው መጻሕፍት ፊኛ ነው የሚባለው። እማዬ ግን ዛሬም አምፖል ትለዋለች። በየሁለቱ እንዝርት መካከል ደግሞ ቀጭን ቆርቆሮ ይቆማል፤ የአንዱ አምፖል ከጎረቤቱ ጋር እንዳይጣላ።

በማግስቱ ቡና ላይ ፊቷን ፊቴ አድርጌ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ትናንት አይሰፋም ያልሽው የፋብሪካውን ክር ነው?»

«ታዲያ የምን ክር ነው?»

ኮታ ሲደርስ ማሽኑን ያፈጥኑት እንደነበር ነገረችኝ። አምፖሉ እንዳለ ነው፤ በአንድ ጣት እንኳ አይወፍርም። የሚለወጠው መበጠሱ ነው። አንዱን ቀጥላ ሳትጨርስ ሦስት ቦታ ይበጠሳል፤ በፈጠነ ቀን የምትመላለሰው ሩጫ ነው። «ታዲያ አምፖሉ የሚወፍረው መቼ ነው?» አልኳት። ጣቷን አቆመችና ጥፍሯን አሳየችኝ። ያቺ ብረት። ቀለል ያለችው ስትገባ አምፖሉ ይነፋል፣ ቆርቆሮውን እየላሰ ይጮሃል፣ ክሩም ጸጉር ያበቅላል። ከበድ ያለችው ስትገባ አምፖሉ ይከሳል፣ ይደርቃል፣ ቶሎ ይበጠሳል። ቦቢኑ ሞልቶ ቀለበቱ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ አምፖሉ ያጥራል። ይህን ሁሉ ያለ አንዳች ማመንታት፣ የዶሮ ብልት እንደምትቆጥር ሴት አንድ በአንድ ነገረችኝ።

የእማዬ ክርና የልጄ ገመድ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ገመዱ ርዝመቱ የተወሰነ ነው፤ ክሩ ግን እየፈሰሰ የሚያልፍ ስለሆነ ሆዱን የሚወስነው ያቺ ብረት የምትጎትትበት ኃይል ነው። ብረቷ ቀለበቱን የምትፈትግበት ኃይል ግን እሱም በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ገፊና ያዥ እዚያም እኩል ያድጋሉ። ቅርጹ ይጸናል፣ ውጥረቱ ይንራል። «ሲፈጥን አይሰፋም፤ ይበጠሳል እንጂ።» ክር ብላ የተሳሳተችው እሷ አልነበረችም።

ኩርባው ስም ያገኘው በጣም ዘግይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974። ስሙን ያወጡት ኒው ሜክሲኮ ያለው የሳንዲያ ቤተ ሙከራ ባለሙያዎች፣ ብላክዌልና ራይስ ናቸው። ትሮፖስኪን አሉት፤ ከግሪክኛው መዞርና ገመድ ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። ስለ ልጆች ገመድ ተጨንቀው ግን አይደለም። የነፋስ ተርባይን ክንፍ ሊሠሩ ነው።

ዳሪዩስ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1920ዎቹ፣ ምሰሶው ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ክንፎቹ ከላይና ከታች ምሰሶው ላይ ተያይዘው በጎን የሚዞሩ ተርባይን ፈልስፎ ነበር። ትልቅ የእንቁላል መምቻ ሲሚንቶ ላይ የተተከለ ይመስላል። የአሜሪካ ፓተንቱ በ1931 ወጣ፤ እዚያ ላይ የክንፉን ቅርጽ የገለጸው በመዝለያ ገመድ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቀጥ ያለ ክንፍ በፍጥነት ሲዞር መሃሉ ወደ ውጭ ሊጎብጥ ይታገላል፤ ብረትን የሚሰብረው ይህ ትግል ነው። ገመድ ግን መታጠፍን መቋቋም አይችልም፤ ምንም ጉልበት የለውም። ስለዚህ ሲዞር የሚይዘው ቅርጽ መታጠፍ የማያስፈልግበት፣ መሳብ ብቻ ያለበት ቅርጽ ነው። ክንፉን ከመጀመሪያው እንደዚያ አጥፈህ ከሠራኸው ሲሽከረከር የሚያጎብጠው ነገር አይኖርም፤ አስቀድሞ ጎብጧልና።

ዳሪዩስ ተረሳ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሁለት የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ተመራማሪዎች፣ ሳውዝና ራንጊ፣ ስለ እሱ ሳያውቁ ያንኑ ማሽን እንደገና ፈለሰፉት። ከዚያ በኋላ ነው ሳንዲያ የገባበት። የእውነተኛውን ኩርባ ክንፍ መሥራት ስለሚያስቸግር ያገኙት አቋራጭ ደስ ይለኛል፦ ከላይና ከታች ቀጥ ያለ ቁራጭ፣ መሃሉ ላይ የክብ ቁራጭ። ሁለት ክንድና አንድ ሆድ። ከበረንዳዬ የሚታየው።

ከሁሉም ትልቁ ኩቤክ ውስጥ ካፕ ሻ በምትባል ቦታ ተተከለ፤ ኤኦል ይባላል፤ 110 ሜትር ይረዝማል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኤሌክትሪክ መስጠት ጀምሮ በ1993 ቆመ። ምሰሶው በሙሉ ክብደቱ የተቀመጠበት የታችኛው ኩሽኔታ ተበላሽቶ ነው። አሁንም እዚያው ቆሟል፤ አይዞርም። ሌሎቹ፣ ካሊፎርኒያ በብዛት የተተከሉት፣ ክንፋቸው አሉሚኒየም ነበር፤ እነሱን የጨረሳቸው ድካም ነው። ኩርባው ከመሽከርከር የሚመጣውን መጉበጥ ቢያስቀርም ነፋሱን አላስቀረውም፤ ክንፉ በአንድ ዙር ውስጥ ነፋሱን አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ ይቀበላል፣ በየዙሩ ወዲህና ወዲያ ይታሻል። ሽቦን ወዲህ ወዲያ ስናጣጥፍ እንደሚሰበረው። ገበያው ወደ ሦስት ክንፉ ሄደ። አዳማ ሲደርሱ ከመንገዱ የሚታዩት እነዚያ ናቸው፤ ልጄ አይታቸው «እነዚህ ገመድ አይመስሉም» ብላኛለች፣ አይመስሉም። እኔ ግን የእንቁላል መምቻው ይበልጥ ያምረኛል። ለመሐንዲስ ይህ ክርክር አይሆንም፤ እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ።

ቅዳሜ ልጄን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ተሳስቼ ነበር፤ አይሰፋም።» ብዙም አልገረማት፤ እሷማ አውቃዋለች። «ታዲያ ምን ያሰፋዋል?» አለችኝ። ከሥር ወርጄ አንዱን ጫፍ ያዝኩና አንድ እርምጃ ተጠጋሁ። ሆዱ ወዲያው ወረደና ሲሚንቶውን ገረፈው። አንድ እርምጃ ራቅኩ፤ ሆዱ ተሰበሰበ። እየተጠጋን እየራቅን ሳቅን። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ገመድ ሳዞር የመጀመሪያዬ ነው። የእጅ አንጓዬ ሁለት ቀን አመመኝ።

ሽቦውን፣ ሲባጎውንና የቃጫ ገመዱን ተራ በተራ ሞከርናቸው። ገመዳቸው አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ መዳብ ስላለበት ይከብዳል፣ እሱን ነው የሚመርጡት። በስልኬ ስሎ ሞሽን ቀረጽኩ። ያላሰብኩት ነገር ታየ። ኩርባው አንድ ጠፍጣፋ ላይ የተሳለ አይደለም፤ ሆዱ ከሁለቱ ክንዶች ወደ ኋላ ይቀራል፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ። አየሩ ነው። መሃሉ በሰከንድ 6 ሜትር ያህል ስለሚሄድ አየሩ ከእጅ አጠገቡ ይልቅ እሱን አብልጦ ይይዘዋል። ሽቦው ላይ ትንሽ ነው፤ ሲባጎው ላይ ግን በዓይን ይታያል፣ ሆዱ እንደ ማንኪያ ይተኛል። በኋላ ሳነብ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሪስቶፍና ስቶን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ይህንኑ በሞተርና በፈጣን ካሜራ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳተሙ አገኘሁ። ወደ ኋላ መተኛቱ ገመዱ የሚገጥመውን የአየር ግፊት ይቀንስለታል። እንግዲህ «የገመዱ ክብደት ለቅርጹ ለውጥ አያመጣም» ያልኩት አየር በሌለበት ዓለም ነው። ሲባጎ ለመዝለል የማይመቸው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ሆዱ ከምትጠብቁት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል፣ እግርም ቀድሞ ዘሎ ያርፋል። ልጆቹ ሽቦውን የመረጡት ማንንም ሳይጠይቁ ነው።

እማዬም ወርዳ ነበር። ወንበር አውጥተንላት ተቀምጣ አንዱን ጫፍ አንድ ጊዜ ያዘችው። አላዞረችውም፤ ልጄ ስታዞር እሷ መዳፏ ውስጥ ጫፉን እንደ ልጓም ይዛ ብቻ ተቀመጠች። «ላላ አርጊው፤ ከረረ» ትላታለች። ዓይኗ ገመዱ ላይ አልነበረም።

ሽቦው ባለፈው ሳምንት ተበጠሰ። ይበልጥ የሚወጠረው እጅ አጠገብ ነው፤ ሂሳቡም ይህንኑ ይላል፣ መሃሉ ከሁሉም ይልቅ የላላ ነው። የተበጠሰው ግን መሃሉ ላይ ነው። አንስቼ አየሁት። ሲሚንቶው ልጣጩን በልቶት መዳቡ ወጥቷል፤ የተላጠው ሁለት ስንዝር አይሞላም። ከዚያ ግራና ቀኝ ላስቲኩ አዲስ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ስንት ሺህ ጊዜ መሬት ሲነካ፣ የሚነካው በዚያች ሁለት ስንዝር ብቻ ነበር።

እኔ አዲስ እስክገዛ አልጠበቁኝም። ቋጠሩት። ወፍራም ሽቦ ስለሆነ ቋጠሮው ጡጫ ያክላል። እኔ ያው በረንዳ ላይ፣ ያው ወረቀት ይዤ ነኝ። ከታች ድምፅ መጣ።

«አባዬ! ሹል ሆነ!»

«የቱ ጋ?»

«ሆዱ ጋ! ቋጠሮው ጋ! ክብ መሆን እምቢ አለ!»

ብዕሬን አስቀምጬ ደረጃውን ወረድኩ።